እናንተ ጠይቁ፣ እኛ እንመልስ፦ በነጥብ 22 ሽጉጥ ኢላማ መምታት

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ኢላማ ተኩስ የሚጠይቁት በርከት ብለው አገኘናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ጠያቂዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለፈለጉ ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ከለገጣፎ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የኢላማ ተኩስ ልጀምር ብዬ የፈቃድ ማመልከቻ ላይ ነኝ። ከዚህ በፊት ተኩሼ አላውቅም። አንዱ ዘመዴ «ቀለል ያለች፣ ኪስ የምትገባ ነጥብ 22 ይበቃሃል» ይለኛል። ሌላው «ሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚሽከረከር ጎማ ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀመጡበትን) ግዛ፣ አይነክስም (ቀለሃ መሐል ላይ ቆሞ አይቀርበትም)» ይላል። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ መምታትና፣ ከሆነልኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር መወዳደር ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ ቀብድ እንኳ እንዳይከፍሉ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝን ይከለክላል። «ከውጭ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ይያዝልኝ» የሚባለው አቋራጭ ደግሞ አምጪውንም አስመጪውንም ፍርድ ቤት ያቆማል። ፈቃድ ሰጪው አካል ምን ዓይነትና ስንት እንደሚፈቅድልዎ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። እርሳሱ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ የተለመደው 2.6 ግራም ይመዝናል። «ሪምፋየር» የሚሉት የሚቀጣጠለው ቅመም እንደ ትልልቆቹ ጥይቶች መሐል ላይ ባለች ቆብ ውስጥ ስለማይቀመጥ ነው። ቅመሙ ያለው በቀለሃው ግርጌ ዙሪያ ባለው ቀጭን ጠርዝ ውስጥ ነው። መርፌው ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፣ ቅመሙ ይነዳል፣ ባሩዱ ይከተላል። ቅመሙ ጠርዙን እኩል ካልሞላው ጥይቱ ይከሽፋል። ይቺን ነገር ያዙልን፤ ከሰበታ ለመጣው ጥያቄ ትፈለጋለች።

አሁን ዘመድዎ ወዳሏት የኪስ ሽጉጥ እንምጣ። ለኢላማ አትሆንም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው የማነጣጠሪያዎቹ መቀራረብ ነው። ከኋለኛው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው 220 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽጉጥ ላይ የፊተኛው ጫፍ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 11.4 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ርቀቱ 130 ሚሊ ሜትር በሆነች ትንሽ ሽጉጥ ግን ያችው 1 ሚሊ ሜትር 19 ሳንቲ ሜትር ታስታለች። የኢላማው አሥር ቁጥር ክብ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሆነ አይዘንጉ። ሁለተኛው ክብደቷ ነው። ግማሽ ኪሎ የምትመዝን ሽጉጥ ምላጯን ለመሳብ ሁለትና ሦስት ኪሎ ኃይል ከጠየቀች ጣት ሲስብ ሽጉጧም አብራ ትሳባለች። ጀማሪ እጁ ተንቀጠቀጠ ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የምርጫው ነው።

ሪቮልቨርን በተመለከተ ዘመድዎ ግማሽ እውነት አላቸው። አንዱ ቢከሽፍ ምላጩን መልሰው ሲስቡ ቀጣዩ ይመጣል። ነገር ግን በ10 ሴኮንድ አምስት ጥይት መተኮስ ሲያስፈልግ መዶሻውን በየጥይቱ በአውራ ጣት እያነሡ መድረስ ከባድ ነው፤ ሳያነሡ ቢስቡት ደግሞ ምላጩ ይከብዳል። በዚያ ላይ ጉድጓዶቹ ሲቆሽሹ ቀለሃዎቹ ይጣበቃሉ። ለጀማሪ አንመክርም።

የሚመከረው የብረት በርሜል ያለው፣ ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም ወይም ትንሽ የሚያልፍ፣ የኋላ ማነጣጠሪያው በብሎን ወደ ላይና ወደ ጎን የሚስተካከል፣ በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ ነው። በመካከለኛው ዋጋ ሦስቱ በብዛት ይነጻጸራሉ፤ ሩገር ማርክ 4 ታርጌት፣ ብራውኒንግ በክ ማርክ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ። የሦስቱም የተለመደ በርሜል 140 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካዝናቸውም 10 ጥይት ይይዛል።

በክ ማርክ ከፋብሪካ ሲወጣ ምላጩ ጥርት ያለ ነው፤ ጣት ሳይጎተት «ቀጭ» ይላል። ድክመቱ ማነጣጠሪያው የተቀመጠበት ድልድይ በትንንሽ ብሎኖች መያዙ ነው። ብሎኖቹ ሲላሉ ጥይቱ ያለ ምክንያት መበተን ይጀምራል፣ ሰውም ጥይቱን ይረግማል። ቪክትሪ በርሜሉ በአንድ ብሎን ስለሚያዝ መፍታቱ ቀላል ነው፤ ግን ያችን ብሎን ከየጥርጊያው በኋላ በደንብ ማጥበቅ ግድ ነው። ማርክ 4 ከባዱ ነው፣ 1.2 ኪሎ ይጠጋል። ከኋላ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ እንደ ማጠፊያ ይከፈታል። ከእሱ በፊት የነበሩት ማርኮች መፈታቱ ሳይሆን መልሶ መገጠሙ ሰው ያስለቅስ ነበር፤ ያገለገለ ሲገዙ ማርክ 2 ወይም 3 ከቀረበልዎ ይህን አስበው ይግቡበት። ያገለገለ ማርክ 4 ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 በፊት የተሠሩትን ፋብሪካው ራሱ ለጥገና ጠርቷቸዋል። ምክንያቱ መጠበቂያው በመሐል ቆሞ ምላጭ ከተሳበ፣ በኋላ ወደ «ተኩስ» ሲገፋ ሽጉጡ ሊተኩስ ስለሚችል ነው። የመለያ ቁጥሩን ሳያጣሩ እጅዎን አይስጡ።

ከሦስቱ ለአቧራማ ሰፈርና ለጀማሪ እኛ ማርክ 4ን እናስቀድማለን። የምላጩ ክብደት መጀመሪያ ላይ ቢያስቸግርም ለማጽዳት የሚቀል ሽጉጥ ይጸዳል፣ የሚያስቸግር ደግሞ ሳይጸዳ ይከርማል።

መዳፍዎ ግን ከእኛ ምክር ይበልጣል። ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ሽጉጥ ይህን ይሞክሩ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው ግድግዳ አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ክንድዎን ቀስ ብለው ያንሡ፤ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። ፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው ስንጥቅ መሐል ተቀምጦ ካገኙት እጀታው ይስማማዎታል። ወደ ላይ ካፈነገጠ ወይም ስንጥቁ ውስጥ ጨርሶ ከጠፋ የእጀታው ዘንበል የእርስዎ አይደለም። ሩገር ለዚህ ሲል ማርክ 4ን በሁለት ዘንበል ይሠራዋል፤ ቀጥ ያለውን 22/45 ይለዋል። የጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ፣ ማለትም ጥፍር ካለበት በተቃራኒው ያለው፣ ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። መገጣጠሚያው ከደረሰ እጀታው ቀጥኖብዎታል፤ ጫፉ ብቻ ከደረሰ ወፍሮብዎታል።

ስለ ጥይት በጀት የሚያስብ ገዢ ጥቂት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን 60፣ 60 ጥይት ቢተኩሱ በአራት ሳምንት 480 ይሆናል፤ 50 የሚይዘው ፓኬት አሥር ማለት ነው። ይህን ያህል ጥይት በፈቃድዎ መሠረት ዓመቱን ሙሉ የሚያገኙት ከየት ነው? መልስ ካላገኙ ሽጉጡ የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። የሚያገኙት የጥይት ዓይነትም ሽጉጡን ይወስነዋል። ፓርዲኒና ዋልተር ጂኤስፒን የመሰሉት የውድድር ሽጉጦች በሴኮንድ 320 ሜትር ገደማ ለሚሄደው መደበኛ ጥይት የተስተካከሉ ናቸው፤ ፈጣኑን ያለማቋረጥ ቢመግቧቸው በየተኩሱ የሚመላለሰው ላይኛው ብረት ከኋላ እየተመታ ይጎዳል። ከላይ ያልናቸው ሦስቱ ሁለቱንም ዓይነት ይችላሉ።

ከቡራዩ፦ በሕጉ መሠረት መወዳደር ብፈልግ ሽጉጤ ምን ምን ማሟላት አለበት? የምላጩን ክብደትስ ያለ ልዩ መለኪያ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የ25 ሜትር ነጥብ 22 ሽጉጥ ክብደት ከ1,400 ግራም፣ በርሜሉ ከ153 ሚሊ ሜትር፣ የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ከ220 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሽጉጡ በ300 በ150 በ50 ሚሊ ሜትር ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፣ ምላጩም ቢያንስ 1,000 ግራም መያዝ አለበት። ማነጣጠሪያው ተራ የብረት ይሁን፤ ቀይ ነጥብ የሚያበራው አይፈቀድም። በጓደኛሞች ውድድር ግን ቀይ ነጥብ ቢፈቀድ ጉዳት የለውም፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ተኩሱ በአንድ እጅ መሆኑ ነው። የእጅ አንጓም ነጻ መሆን አለበት፣ እጀታው አንጓውን ደግፎ መያዝ የለበትም። ስለዚህ በሁለት እጅ ሲያዝ የሚጥም ሽጉጥ በአንድ እጅ አፍንጫው ሊከብድ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ባዶውን በአንድ እጅ ዘርግተው 30 ሴኮንድ ይያዙት። የሚፈጥነውን ክፍል ያስቡ። ኢላማው ለ3 ሴኮንድ ይታያል፣ ለ7 ሴኮንድ ይጠፋል፤ በታየ ቁጥር ክንድ ከ45 ዲግሪ ተነሥቶ አንድ ጥይት ይተኮሳል። ይህ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። አፍንጫው የከበደ ሽጉጥ ሦስተኛው ላይ መውረድ ይጀምራል።

የምላጩን ክብደት ለመፈተሽ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ውኃ ሞልተው፣ አንገቱ ላይ የብረት ሽቦ አስረው፣ የሽቦውን ጫፍ እንደ መንጠቆ ያጥፉት። ሁሉንም አንድ ላይ በሱቅ ሚዛን ይመዝኑና ልክ 1,000 ግራም እስኪሆን ውኃ ይቀንሱ፤ ፕላስቲኩና ሽቦው ራሳቸው ጥቂት ግራም ስላላቸው ነው። ካዝናውን ያውጡ፣ ጉሮሮውን (ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን የበርሜል መነሻ) በዓይንም በጣትም አይተው ባዶነቱን ያረጋግጡ፣ የፕላስቲክ ልምምድ ጥይት ያጉርሱ። ምላጩን ሳይነኩ ሽጉጡን ለስበት ያዘጋጁት። አፈሙዙን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይያዙ፣ መንጠቆውን ምላጩ መሐል ላይ ያኑሩ፣ ጠርሙሱ ወለል ላይ ቆሞ ሳለ ሽጉጡን ቀስ ብለው ያንሡ። ጠርሙሱ ከወለሉ ተነሥቶ መርፌው ካልተመታ አለፈ። ዳኞቹም የሚፈትሹት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይፈቅዳሉ። ልክ 1,000 ላይ አያስተካክሉት፤ ትንሽ ቅባት ሲደርቅ ወይም ሲጨመር ይለወጣልና 1,050 ላይ ቢያርፍ ሰላም ነው።

ምላጭ ለማቅለል ውስጡን በሞረድ የሚነካካ ሰው ካለ ያስቁሙት። መያዣው ጥርስ ካለቀ ሽጉጡ በአንድ ስበት ሁለት ይተኩሳል፣ ሲብስ ላይኛው ብረት ሲዘጋ ራሱ ይተኩሳል። ይህ የመሣሪያ ጠጋኝ ሥራ ነው።

ከሰበታ፦ እኛ የምንለማመድበት ሽጉጥ አሮጌ ማርጎሊን ነው። ከአሥር ሁለት ሦስቱ ይከሽፋል ወይም ይነክሳል። እኔ እጄ ትንሽ ስለሆነ «አያያዝሽ ነው» ይሉኛል። ሽጉጡ አርጅቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ጥፋቱን ይለዩት። «ከሸፈ»፣ «ነከሰ» እና «አልጎረሰም» ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ በአንድ ቃል ከተጠሩ መድኃኒታቸው አይገኝም። በየጊዜው ምን እንደሆነና በየትኛው ካዝና እንደሆነ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ካዝናዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 50 ጥይት ሳያልቅ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ከከሸፈ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ 30 ሴኮንድ ይቁጠሩ፤ ዘግይቶ የሚነሣ ጥይት አለና። ከዚያ ያውጡትና ጠርዙ ላይ ያለውን ምት ይመልከቱ። ምቱ ጥልቅ ሆኖ ካልተኮሰ የጥይቱ ጥፋት ነው፤ ጥይቱን አዙረው ሌላ ጠርዝ ሲመታ ከተኮሰ ቅመሙ እዚያ ጋ ጎድሎ እንደነበር ያውቃሉ። ምቱ ጥልቀት ከሌለው መርፌው ወይም ሞላው ደክሟል፣ ወይም የመርፌው ቦይ በደረቀ ቅባት ተሞልቷል። ሦስተኛ ምልክት አለ፤ ሳይዞር፣ እዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ሲመታ የሚተኩስ። ይህ ጥይቱ ጉሮሮው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለመግባቱን ይናገራል። የመጀመሪያው ምት ገፍቶ አስገባው፣ ሁለተኛው ተኮሰው። ጉሮሮው አፍ ላይ የሰምና የእርሳስ ቀለበት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በነሐስ ብሩሽ ጥቂት ጊዜ ሲዞርበት ይለቃል።

ነከሰ ማለት ባዶው ቀለሃ ሳይወጣ መሐል ላይ ቆሞ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ቀለሃ የሚያወጣውን ጥፍር ይዩ። ከጥፍሩ ሥር የሚጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ በስቴኪኒ ፈልቅቀው ሲያወጡት የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል፤ እሷ ናት ጥፍሩን ከጠርዙ የምታርቀው። ጥፍሩ ንጹሕና ስለት ያለው ከሆነ የመመለሻውን ሞላና የጥይቱን ጉልበት ይጠርጥሩ። የእጅ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንጓ ሲላላ ሽጉጡ ሙሉ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሄድና ላይኛው ብረት የሚመለስበትን ርቀት ያጣል። ጥፋቱ በእርስዎ እጅ ብቻ የሚከሰትና በሌሎች የማይከሰት ከሆነ ብቻ ነው «አያያዝሽ» የሚባለው። ለትንሽ እጅ ደግሞ መፍትሔው ጠንክሮ መጨበጥ አይደለም፤ ጠንክሮ የተጨበጠ ይንቀጠቀጣል። የእንጨት እጀታው በአናጢ ጥንቃቄ ቢሳሳ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበትም በእንጨት ስቱኮ ቢሞላና በአሸዋ ወረቀት ቢለሰልስ ይሻላል።

አልጎረሰም ካዝናን ያመለክታል። የላይ ከንፈሮቹ ከታጠፉ የጥይቱ አፍንጫ ዝቅ ብሎ በርሜሉን ይገጫል። ሲሞሉትም የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ወደ ኋላ ከተቀመጠ ሁለቱ ጠርዞች ይቆላለፋሉ፣ ያኔ ምንም ሞላ አይገፋቸውም። ያረጀ ካዝና ሞላው ይለግማል፤ ሁለት ጥይት ቀንሶ በ8 መሙላትና ነገሩ ይሻሻል እንደሆነ ማየት ቀላል ምርመራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «ፍስ» ብሎ በቀረ ድምፅ የሚወጣ ጥይት ነው። ቀጣዩን በፍጹም እንዳይተኩሱ። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ የሚከተለው በርሜሉን ያሳብጠዋል። ባዶ ያድርጉት፣ የጽዳት ዘንግ አስገብተው ይመልከቱ።

ማርጎሊንን በእርጅናው ብቻ አይጣሉት። የኋላ ማነጣጠሪያው በሚመላለሰው ብረት ላይ ሳይሆን በማይንቀሳቀስ ድልድይ ላይ ስለተቀመጠ በየተኩሱ ቦታውን አይለቅም። የሠራው ሚካኤል ማርጎሊን ደግሞ ዓይነ ስውር ነበር፤ ቅርጹን በጣቶቹ ዳሰሳ ነው ያበጀው። እጀታው መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይህ ይታወቃል።

ከሱሉልታ፦ የቤተሰብ መሬት አለን፣ ከኋላው ጉብታ አለ። ነጥብ 22 ትንሽ ስለሆነች እዚያ ብለማመድስ?

መልስ፦ አይሆንም። ነጥብ 22 ከፍ ተደርጎ ቢተኮስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ከጉብታው ወዲያ እረኛ፣ ቤት፣ መንገድ አለ። ለስላሳው እርሳስ ድንጋይና ውኃ ሲነካ ነጥሮ ይሄዳል፣ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም። ጉብታ የሚመስለው አፈርም ጠጠር የበዛበት ከሆነ ጥይት አስቀሪ ሳይሆን ጥይት መላሽ ነው። ፈቃድ ያለው ሜዳ ብቻ።

ከገላን፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የአየር ሽጉጥ ለመነሻ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ለእጅና ለዓይን ትምህርት እውነት ነው። የ10 ሜትሩ የአየር ሽጉጥ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ይተኩሳል፣ ምላጩ 500 ግራም ነው፣ አሥር ቁጥሩ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ የእርስዎ ስሕተት በሽጉጡ ንቅናቄ አይሸፈንም፤ የሳቱት የእርስዎ ነው። ነጥብ 22 የሚተኩሱ አብዛኞቹ ጥሩ ተወዳዳሪዎች ከዚህ ነው የሚነሡት። «የአየር ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ብለው ግን አይገምቱ፤ እሱንም ከዚያው ፈቃድ ሰጪ አካል ጠይቀው ነው የሚያስገቡት። በጋራ ሕንጻ ኮሪደር ላይ መተኮስም የለም።

አንድ የሀገራችን ነገር አለ። እንደ ኢዝህ-46 ያሉት በአንድ ግፊት በክንድ የሚሞሉ ሽጉጦች የሚያምቁት በዙሪያቸው ያለውን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯም የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ግፊት የሚያምቀው አየር ያነሰ ይሆናል፣ እርሳሱም ይዘገያል። ሽጉጡ አልተበላሸም፤ የኋለኛውን ማነጣጠሪያ ከፍ ማድረግ ነው። በታመቀ አየር ጠርሙስ የሚሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ በእጅ ፓምፕ ተጣድፈው ሲሞሏቸው እርጥበት ይገባል፤ ጠርሙሱም ላዩ ላይ የተጻፈ የአገልግሎት ዘመን አለው። ቀኑ ያለፈበትን ጠርሙስ ርካሽ ነው ብለው አይግዙ።

ከአቃቂ፦ ክረምት ላይ ሽጉጤን አስቀምጬ በመስከረም ሳወጣው ዝገት አገኘሁበት። የተቀመጠው በራሱ ማህደር ውስጥ ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ማህደሩ ነው ያጠፋው። ስፖንጁና ቆዳው እርጥበት ጠጥተው ሦስት ወር ብረቱ ላይ ይተነፍሱበታል። ከማህደሩ አውጥተው፣ በዘይት በረጠበ ጨርቅ አብሰው፣ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጨምረው ያስቀምጡት። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ አውጥተው ያብሱት። ዘይት በብዛት ማፍሰስም ጥሩ አይደለም፤ ዘይት ወደ መርፌው ቦይ ይወርድና በመስከረም መክሸፍ ይጀምራል። ጥቂት ጠብታ በሚፋተገው ብረት ላይ፣ ሌላው ሁሉ በጨርቅ ብቻ።

በርሜሉን በየሳምንቱ አይቦርሹት። የነጥብ 22 እርሳስ በሰም የተቀባ ስለሆነ በርሜሉ በዚያ ሰም ሲለሰልስ ነው የሚረጋው፤ ካጸዱት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ተበታትነው ቢያዩ አይደንግጡ። በየጊዜው መጽዳት ያለባቸው ጉሮሮው፣ ጥፍሩና ላይኛው ብረት የሚያርፍበት ፊት ናቸው። ዘንግ ስታስገቡ አፈሙዙን አትፈግፍጉት፤ ትክክለኛነቱ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ከተኩስም ከጽዳትም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ቅመሙና እርሳሱ ጣት ላይ ይቀራሉ፣ እኛ ደግሞ በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ነን። የተኩሱን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አታጥቡት። የጆሮ መከላከያውንም «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትተዉ፤ የነጥብ 22 ሽጉጥ ድምፅ ጆሮን ከሚጎዳው 140 ዴሲቤል በላይ ነው።

ከሰንዳፋ፦ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቤት ውስጥ በባዶው ምላጭ መሳብ ሽጉጡን ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው? ደግሞ በደጋ ጥይት ከፍ ብሎ ይመታል የሚሉኝስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው በነጥብ 22 ላይ እውነትነት አለው። መርፌው የሚመታው ጠርዙን ስለሆነ፣ ጥይት ከሌለ የጉሮሮውን አፍ ብረት ሊያገኝ ይችላል። ሲደጋገም ብረቱ ይጠረብና ወደ ውስጥ ያብጣል፣ ከዚያ ጥይት አልገባ ይላል። አንዳንዶቹ አዳዲስ ሽጉጦች መርፌውን የሚያቆም ፒን አላቸው፤ መመሪያው ካልፈቀደ ግን የፕላስቲክ ልምምድ ጥይት ይጠቀሙ። ከጠፋ የተተኮሰ ቀለሃም ይሆናል፣ ጠርዙ ስለሚጨፈለቅ በየሁለት ሦስት ምቱ ማዞር ነው። ልምምዱን ሲያደርጉ እውነተኛ ጥይት እዚያው ክፍል ውስጥ አይኑር። ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት በቀን 20 ስበት፣ ፊተኛው ጫፍ ሳይነቃነቅ፣ ከብዙ ፓኬት ጥይት ይበልጣል።

ሁለተኛው ለ25 ሜትር ወሬ ነው። ጥይቱ እዚያ ሲደርስ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ የአየሩ መሳሳት የሚለውጠው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከፍ ብሎ እየመታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዓይንዎ ከፊተኛው ጫፍ ወደ ኢላማው ሸሽቶ ጫፉ ከስንጥቁ በላይ ወጥቷል፣ ወይም በሌላ ዓይነት ጥይት ነው የሞከሩት። መጀመሪያ ከድጋፍ ላይ አሥር ይተኩሱ። አሥሩም 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተሰብስበው ከፍ ካሉ ያኔ ብሎኑን ያዙሩ። በ220 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ለማውረድ የኋለኛው ማነጣጠሪያ መውረድ ያለበት 0.09 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሁለት «ጠቅ» ብለው እንደገና አሥር ይተኩሱ።